የወፍጮ ቤቱ አሥራ አምስት ደቂቃ

ጠባሴ ሰፈር ውስጥ የሺጥላን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ለደብረ ብርሃን እንግዳ ነው፣ ወይ ዳቦውን ከሱቅ እየገዛ የሚኖር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እህል ሲፈጭ ኖሯል። ጠዋት ጥቁር ጠጉር ይዞ ወፍጮ ቤቱ ይገባል፣ ማታ ሸብቶ ይወጣል፤ ሲታጠብ ደግሞ ተመልሶ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ይሆናል። ድምፁ ትልቅ ነው። ከሞተሩ ጋር ሲጯጯህ ስለኖረ ቤቱ ገብቶም መቀነስ አቅቶታል። ከድምፁ የሚቀድመው ግን ሆዱ ነው። በበሩ መጀመሪያ ሆዱ ይገባል፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ በመጨረሻ ራሱ። አያፍርበትም ነበር። «ይሄ የወፍጮ ቤቱ ታፔላ ነው» እያለ መታ መታ ያደርገዋል።

ባለፈው ጥር መጨረሻ ላይ ግን ታፔላው ጉድ ሠራው።

ነገሩ የወንድሙ ልጅ የአንተነህ ነገር ነው። ታላቅ ወንድሙ ጌጡ ሲሞት አንተነህ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ እናቱም ቀድማ አርፋ ስለነበር የሺጥላና ሚስቱ አስናቀች ወስደው አሳደጉት። የራሳቸው ልጅ የላቸውም። ልጁ አድጎ የመብራት ሠራተኛ ሆነ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሞላው፣ አንኮበር ለሥራ በሄደበት እየሩሳሌም የምትባል አስተማሪ ወደደ። እሷም ወደደችው። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር፤ ይህን ደግሞ የሺጥላ እንደ ቀላል ነገር ቆጠረው።

ሦስት ሆነው ሄዱ፤ መምሬ ቃለ አብ፣ ጡረታ የወጣው የስፖርት አስተማሪ ይስማው፣ እና በአባት ቦታ የሺጥላ። የልጅቷ አባት ወልደ ሰንበት ቤታቸው ከአንኮበር ወዲያ፣ መኪና ከማይደርስበት ቦታ ነው። ከመንገዱ ወርደው ወንዝ ተሻገሩ፤ ከዚያ ዳገቱ መጣ። ይስማው መንገዱን በብትሩ እየጠቆመ ወጣ። መምሬ ዳዊታቸውን እየደገሙ ወጡ። የሺጥላ ወጣ ከሚባል ተጎተተ ቢባል ይሻላል። በየአሥር እርምጃው እየቆመ «አገሩ እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ዓይኑ ላብ ስለሞላው ግን አንድም ነገር አላየም።

አገሩ የሚያውቀው ወግ አለ። ሽማግሌ ሰው ቤት ሲገባ ባለቤቱ «ተቀመጡ» ይላል፤ ሽማግሌው «ጉዳይ አለን» ብሎ ይቆማል። ጉዳዩ ሳይነገር፣ ተስፋ ያለው ቃል ሳይሰማ መቀመጥ የለም። ይህን የሺጥላ አሳምሮ ያውቃል፤ መንገድ ላይም ለይስማው ሲያስረዳ ነበር። ቤቱ ገቡ፣ ወልደ ሰንበት ብድግ ብለው «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ተቀመጡ» አሉ፣ መምሬ «ጉዳይ…» ብለው ሳይጨርሱ ከኋላቸው አግዳሚው ወንበር ሲንቋቋ ሰሙ። የሺጥላ ተቀምጧል። እሱ አስቦ አላደረገውም፤ ጉልበቱ ነው ሳያማክረው የታጠፈው። ሊነሳ ሞከረ፣ አልተነሳም። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ትንፋሽ እንጂ ቃል አልወጣም።

ወልደ ሰንበት ረጅም ቀጭን ሰው ናቸው። አልጮኹም። «እንግዶቹ ደክሟቸዋል፤ ውሃ አምጡላቸው» አሉ። ውሃ መጣ፣ ዳቦ መጣ፣ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ ተወራ። ሊወጡ ሲሉ ነው ወልደ ሰንበት ነገሩን ያነሱት።

«ቤቴ ገብታችሁ እህል ቀምሳችኋል፣ አልተጣላንም። ነገር ግን ጉዳይ ሳትነግሩኝ ስለተቀመጣችሁ፣ ዛሬ የመጣችሁት ለእንግድነት ነው ብዬ ይዣለሁ። ጉዳይ ካላችሁ ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ኑ። ቆሞ የሚናገረውም በአባት ቦታ ያለው ሰው ይሁን» ብለው የሺጥላን አዩት። ደጃፉ ላይ ደግሞ ጨመሩ፤ «ከጫጫ ከተማም የጠየቁን ሰዎች አሉ። የእናንተን ቀን ካለፈ ለእነሱ ነው የምመልስ።»

በሚኒባስ ተመለሱ። ደብረ ብርሃን ሲቃረቡ መምሬ ቃለ አብ ተነፈሱ።

«ሠላሳ ዓመት ሽምግልና ሄጃለሁ» አሉ። «ውሻ ነክሶኝ ያውቃል፣ በረዶ ወርዶብኝ ያውቃል። ሽማግሌ ተቀምጦብኝ ግን አያውቅም።»

አንተነህ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጫማውን ጠርጎ ይጠብቅ ነበር። የሺጥላ መዋሸት ቢፈልግም አልሆነለትም፤ እንዳለ ነገረው። ልጁ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ደክሞህ ነዋ ጋሼ፣ ምን ታደርግ» ብሎ ትከሻውን ያዝ አደረገው። የሺጥላ ያን ማታ እራት አልበላም፤ አስናቀች የመጀመሪያው የበሽታ ምልክት ይህ ነው ብላ ደነገጠች። እሱ ግን ስለ ጌጡ እያሰበ ነበር። ጌጡም እንዲህ ያለ ሆድ ነበረው፣ እንዲህ ይስቅ ነበር፤ በሃምሳ አንድ ዓመቱ ምሳ በልቶ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አልተነሳም። የሺጥላ ወንድሙን በአንድ ዓመት በልጦታል፤ ይህን ከዚያ በፊት ቆጥሮት አያውቅም። ፈራ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ በእሱ ጉልበት ምክንያት የወደዳትን ሊያጣ መሆኑ አንገበገበው።

በማግስቱ አስናቀች ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ኤልሮኢ የምትባል ነርስ ናት ያየችው፤ ወጣት ናት፣ ግን እንደ አማት ትቆጣለች። የደም ግፊቱን ለካች፣ መዘነችው፣ መቶ አራት ኪሎ።

«ጋሽ የሺጥላ፣ ስፖርት ይሠራሉ?»

«ቀኑን ሙሉ ኩንታል አንሱ እያልኩ ሳዝዝ እውላለሁ።»

«ማዘዝ ስፖርት አይደለም። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ። በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ። ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ደረጃ መውጣት መውረድ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት። ሲጀምሩ በቀስታ፤ ደረትዎን ከጨመቀዎት ወዲያው አቁመው ወደ እኔ ይምጡ።»

የሺጥላ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሰማ ደስ አለው፤ ከአንድ ቁና ጤፍ የማይበልጥ ሥራ መሰለው። ይስማው ግን ሰምቶ ሳቀበት። «ሠላሳ አራት ዓመት ስፖርት አስተምሬያለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃማ ተማሪው ሸሚዙን የሚያወልቅበት ነው! ወይ ሁለት ሰዓት ሩጥ፣ ወይ ተወው።» ሁለት ሰዓት መሮጥ የማይታሰብ ስለነበር የሺጥላ የነርሷን ያዘ።

መጀመሪያ ላይ ብልጥ መስሎት ሰዓቱን በመብራት መጥፋት ላይ አደረገው። «መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፣ እኔ እሠራለሁ» አለ። በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይጠፋ የነበረው መብራት በዚያ ሳምንት አንድ ቀን እንኳ ብልጭ ሳይል ቀረ። የሺጥላ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በመብራት መኖር ተናደደ። አስናቀች ይህን አይታ «አንተ ሰውዬ፣ ልጁን ነው ወይስ መብራት ኃይልን የምትጠብቀው?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ፣ ወፍጮ ቤቱ ሳይከፈት።

የደብረ ብርሃን ጠዋት ደግሞ ከብርድ ልብስ የሚያስወጣ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ካፖርቱን ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ አንገቱን ጠምጥሞ ቁጭ ብድግ ጀመረ። ስድስት ላይ ቆመ። በልጅነቱ ትምህርት ቤት አርፍዶ ሲሄድ መቶ ቁጭ ብድግ ይቀጣ እንደነበር አስታወሰ፤ ያኔ እየሳቀ ይሠራው ነበር። አሁን በስድስተኛው ጆሮው ውስጥ ከበሮ ይመታል። የቀረውን ደቂቃ ግድግዳ ተደግፎ ጨረሰው፤ ግፋ የተባለውን አልገፋም፣ ተደገፈ ብቻ።

በሁለተኛው ሳምንት ወረፋ ለመያዝ ማልደው የሚመጡ ሴቶች በበሩ ስንጥቅ አዩት። ቀዳሚዋ ወይዘሮ በሰለች ነበረች፤ ምላሷ ስለት ነው። «ኧረ ኑ እዩ፣ የሺጥላ ንስሐ ገብቷል! ይሰግዳል!» ብላ ሰፈሩን ሰበሰበች። ምክንያቱ ሲነገራቸው ግን ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠ። አንተነህን ሁሉም ያውቁታል፤ መብራታቸውን ያለ ክፍያ የሚጠግንላቸው ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእህል ማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠው ይቆጥሩለት ጀመር። «አሥራ አንድ! አሥራ ሁለት! ኧረ ይቺ አትቆጠርም፣ ግማሽ ናት!» ትላለች በሰለች። አንድ ጠዋት ጉንፋን ይዞት ሊያርፍ ቢል በሩን ደብድበው አስነሱት። ሰውየው በራሱ ጉልበት እዚህ ደረሰ ብዬ አላታልላችሁም፤ ግማሹ የሴቶቹ ነው።

የካቲት ሲጋመስ ሠላሳ ቁጭ ብድግ ሠራ። የወፍጮ ቤቱን ስምንት ደረጃ አሥር ጊዜ ወጥቶ ወረደ። ሌሊት ማንኮራፋቱ ቀነሰ፤ አስናቀች ጸጥታው አሳስቧት ሁለት ጊዜ ቀስቅሳዋለች። ሊመዘን እህል መመዘኛው ላይ ሲወጣ ግን መቶ ሦስት። አንድ ኪሎ! ከዚያም ሁዳዴ ገባ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ አይቀምስም፣ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ የሺጥላ አሁንማ እንደ ሻማ እቀልጣለሁ ብሎ ደመደመ። ሦስት ሳምንት ጾሞ መመዘኛው ላይ ወጣ። መቶ አምስት።

ወረደ። አቧራውን ከመመዘኛው ጠርጎ እንደገና ወጣ። መቶ አምስት። ጫማውን አወለቀ፣ ቁልፎቹን ከኪሱ አወጣ፣ ትንፋሹን ያዘ። መቶ አምስት።

«አላልኩህም?» አለ ይስማው። «አሥራ አምስት ደቂቃ ዋጋ የለውም።» የሺጥላ በማግስቱ ቁጭ ብድግ አልሠራም። ሴቶቹ በሩን ቢመቱ አልከፈተም። አንተነህን «ሌላ አጎት የለህም እንጂ ቢኖርህ እሱ ይሂድልህ ነበር» አለው፤ ልጁም «ሌላ ቢኖረኝም አንተን ነበር የምልከው» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። የሺጥላ ተነስቶ ፊቱን ታጠበና ጤና ጣቢያ ሄደ።

ኤልሮኢ ግፊቱን ለካች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ደረጃ አስወጣችው፣ ሳቀች። «ግፊትዎ ወርዷል፣ ልብዎ ከበፊቱ ይሻላል። አሥራ አምስት ደቂቃው ሥራውን ሠርቷል። የምን ማዘን ነው?»

«ታዲያ ኪሎው ከየት መጣ? በጾም?»

«እሱን እርስዎ ነዎት የሚነግሩኝ። አንድ ነገር ያድርጉ። ነገ ከማዕድ ውጭ ወደ አፍዎ ሊገባ የነበረውን ሁሉ፣ አንዲት ቁንጥር ትሁን፣ ሳህን ላይ ያስቀምጡት።»

«እኔ ከማዕድ ውጭ ምንም አልበላም!» አለ የሺጥላ። ማለቱም ከልቡ ነበር።

እዚህ ላይ የባለወፍጮን ሥራ የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በሶ ሊፈጭ የተቆላ ገብስ ሲመጣ፣ መላሙ፣ ማለትም በደንብ መድቀቁ፣ የሚታወቀው በመቅመስ ነው። የሺጥላ ከወፍጮው አፍ መዳፉን ዘርግቶ ትኩሱን ዱቄት ይቀበላል፣ በአውራ ጣቱ ያሻሻል፣ ከዚያ ወደ አፉ። «አልላመም» ይላል፣ የወፍጮውን ድንጋይ ያጠብቃል፣ እንደገና ይቀምሳል። ሽሮውም እንደዚያው። ይህ ለእሱ ምግብ አይደለም፣ ሥራ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራው ምግብ መሆኑ ትዝ ብሎት አያውቅም። ሁዳዴ ሲሆን ደግሞ የሰሜን ሸዋ ገብስ ሁሉ በሶ ሊሆን የተቆላ ይመስላል፤ መቅመስ የሚቻለው ጾም ከተፈታ በኋላ ስለሆነ በሶው የሚፈጨው ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ ነው፣ እስከ ማምሻውም ወረፋው አያልቅም።

በማግስቱ ሳህን አስቀመጠ። ሲቀምስ በልማዱ እጁ ወደ አፉ ሄዶ ከመንገድ ይመለሳል። አሥር ሰዓት ላይ ሳህኑ ሞላ። ትልቅ ሳህን አመጣ። ሲመሽ በሰለች መመዘኛው ላይ አስቀምጣ አየችና እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ግማሽ ኪሎ! የሺጥላ፣ እኔ እኮ ሁልጊዜ ከዚህ ስመለስ በሶዬ ለምን ያንሳል እያልኩ ሌባ ስጠረጥር ነው የኖርኩት!»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሺጥላም እስኪያነባ ሳቀ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ስንት ኩንታል ሰው በሶ እንደቀመሰ ሲያስብ ደግሞ ትንሽ አፈረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መላሙን በሁለት ጣቱ ብቻ አሽቶ ይለያል፤ ጣቱም አላሳሳተውም። ኤልሮኢ ስትሰማ «ትንፋሹን ከአሥራ አምስት ደቂቃው ያገኛሉ፣ ኪሎውን ግን ከአፍዎ ነው የሚቀንሱት» አለችው። ጠዋት ጠዋት ቁጭ ብድጉ ቀጠለ፣ ሠላሳው ስልሳ ሆነ፤ ቅዳሜና እሑድ በእግሩ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጨመረበት። ፋሲካ ሲደርስ መመዘኛው ዘጠና ዘጠኝ አለ። ሆዱ አልጠፋም። ታፔላው ትንሽ ጠበበ እንጂ አልወረደም።

ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ሦስቱ ያን ወንዝ እንደገና ተሻገሩ። የሺጥላ በዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። አገሩን አየው፤ እውነትም ያምራል።

ወልደ ሰንበት ብድግ ብለው ተቀበሏቸው። «ተቀመጡ።»

«ጉዳይ አለን» አለ የሺጥላ።

«ደክሟችኋል፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

 የሺጥላ ጋቢውን አስተካክሎ ያ ትልቅ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰው። ወንድሙ ጌጡ እንደሞተ፣ ልጁን በወንድሙ ፋንታ እንዳሳደገ፣ ልጁ የሰው ገንዘብ የማይነካ፣ የሰው ችግር የማያልፍ መሆኑን ነገራቸው። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ቆመን እንለምናለን» ብሎ ጨረሰ።

«ሰማሁ» አሉ ወልደ ሰንበት። ከዚያ «በሬው የታሰረበትን ልይ» ብለው ወጡ።

ቆዩ። ከውጭ ከበሬው ጋር ሲነጋገሩ ይሰማል። መምሬ ቃለ አብ ሌላ ዳዊት ጀመሩ። ይስማው መጀመሪያ በብትሩ፣ ቀጥሎ በምሰሶው ተደገፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ አግዳሚው አንድ እርምጃ ተጠጋ። አግዳሚውን በስስት አየው። የሺጥላ ክንዱን ያዘው። «አይዞህ፣ ይቺ እኮ ሸሚዝ ማውለቂያ ናት» አለው በጆሮው።

ወልደ ሰንበት ተመልሰው ሲገቡ የሺጥላን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«የዚያን ቀን የተቀየምኩት ወጉ ስለፈረሰ ብቻ አልነበረም» አሉ። «ለልጄ ጥቂት ጊዜ እንኳ ያልቆመላት ቤት ነገ ሲከፋት ማን ይቆምላታል ብዬ ነው። አንቱ ከስተዋል።»

«ለእሷ ብዬ ነው» አለ የሺጥላ። 

«ሰጥቻችኋለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

ይስማው ቃሉ ሳያልቅ ተቀመጠ። ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ተሰማ። የሺጥላ ግን ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ነው ተባለ፤ «ሰው እንላክ፣ አንቱ ይረፉ» አሉት። «ይህንን እኔ ነኝ የምነግረው» ብሎ ወጣ፤ ጉብታውን እየተራመደ ወጥቶ ደወለ።

አንተነህ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።  የአጎቱን «ሃሎ» ሰማ፤ ሁልጊዜ ከአጎቱ ቃል በፊት የሚሰማው ማለክለክ ግን አልነበረም።

«ጋሼ… አልወጣችሁም? ከመንገድ ተመለሳችሁ?»

«ወጥቻለሁ» አለ የሺጥላ። «ቆሜ ነው የጠየቅኩት። ሰጥተውሃል፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ በስልኩ የሚሰማው ለቅሶ ብቻ ነበር። የሺጥላ አልዘጋም። ነፋሱ ጋቢውን እያራገበ፣ ልጁ አልቅሶ እስኪጨርስ ድረስ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ጉብታው ላይ ቆየ።